ሙዳየ ምጽዋቱን ማን ይቁጠር?

በባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድም አለቃ «አንቺንማ አምንሻለሁ» ብሎኝ አያውቅም። ካዝናው ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው ሌላ ሰው ዘንድ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አምስት ብር ብትጎድል ከኪሴ እተካለሁ፤ አምስት ብር ብትተርፍም ትርፍ ተብላ ትመዘገባለች እንጂ ቦርሳዬ ውስጥ አትገባም። ተቆጣጣሪ ድንገት መጥቶ ሣጥኔን ከፍቶ ሲቆጥር አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። በዚህ የተቀየመ ባልደረባ አላጋጠመኝም። ሥራው እንዲያ ነው፤ ለምደነዋል።

ጡረታ ወጥቼ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባል ሆኜ ስመረጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በመጀመሪያው ስብሰባ «የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ለሦስት ሰው ይከፈል፤ ቆጣሪም ይጨመር» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «በእግዚአብሔር ቤት ደግሞ ምን መጠራጠር ያስፈልጋል፣ ልጄ?» አሉኝ። ቁጣቸው የእውነት ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ደጁን ሲጠኑ የኖሩ፣ ለደብሩ ከኪሳቸው ያወጡ እንጂ ከደብሩ ሰባራ ሳንቲም ያልነኩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው «ይቆጠር» ሲባል «ሌባ» የተባለ ያህል ቢከፋው አይፈረድበትም።

የእሳቸው ጥያቄ የብዙ ምእመናን ጥያቄ በመሆኑ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ቁጥጥር ሌባውን ከመያዙ በላይ የሚጠቅመው ቅኑን ሰው ነው። ሌባ ሐሜት ቢደርስበት የሚያጣው ነገር የለም። በአንድ የማይጣራ ወሬ የዕድሜ ልክ ስሙን የሚያጣው ቅኑ ሰው ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት

ሳንቲሟን በሣጥኑ ቀዳዳ ከጣለ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። የእኛ ደብር ሣጥኖች የብረት ናቸው። አንዱ ዋናው በር ላይ ነው፤ ሌሎቹ በወንዶችና በሴቶች መግቢያ ቆመዋል፤ አንዱ ደግሞ ጸበሉ ዘንድ አለ። በየወሩ፣ ከንግሥ በዓል በኋላ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይከፈታሉ። ቁልፎቹ በአስተዳዳሪው፣ በሒሳብ ሹሙና በምእመናን ተወካይ እጅ ናቸው፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥን አይከፈትም። መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ከዚያ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ አቡጀዲ ይነጠፍና ሣጥኑ ይገለበጣል።

የሚፈሰው ብር ብቻ አይደለም። የሞቱ ዘመዶች የክርስትና ስም የተጻፈበት ወረቀት ይወጣል። ጧፍ ይወጣል፤ በሶፍት የተጠቀለለ የወርቅ ቀለበትም አልፎ አልፎ ይገኛል። ተጣጥፋ ተጣጥፋ የጥፍር ያህል የሆነች አምስት ብር፣ ስትፈታ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች፤ ከማጀት እንደመጣች ያስታውቃል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላም አሮጌ የመቶና የሃምሳ ብር ኖቶች ከሣጥን ወጥተውልናል። አንዳንዷን አንዲት እናት ከሣጥን ሥር ረስታ ያቆየቻት ትሆናለች። አንዳንዱ ደግሞ ባንክ አልቀበልም ያለውን ለእግዚአብሔር የሰጠ ብልጥ ነው። ያንንም በቁጥር መዝግበን ፈርመንበታል።

አቆጣጠራችን ለባንክ ሰው አዲስ አይደለም። ኮት የለበሰ ያወልቃል፤ ነጠላ ያጣፋ እጀታውን ሰብስቦ ይቀመጣል። ስልክ ከጠረጴዛው ይርቃል። ኖቱ በየዓይነቱ ይለያል፤ መቶ መቶው አንድ እስር ይሆናል። እኔ የቆጠርኩትን አጠገቤ ያለው ሰው ይደግመዋል፤ የእሱን እኔ እደግማለሁ። ሦስተኛ ሰው ይጽፋል። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ ሁላችንም እንፈርማለን፤ የገቢ ደረሰኝ እዚያው ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን፣ ሰዓት ካለፈ በማግሥቱ ጠዋት ባንክ ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድምሩ ለሕዝቡ ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው ቀላል የሚመስለው፣ እኔ ግን ዓይኔን የማልነቅልበት የዝርዝር ጉዳይ ነው። በደብሩ ዙሪያ ያለ ሱቅ ሁሉ ዝርዝር ፈላጊ ነው፤ የታክሲ ረዳትም እንዲሁ። ቆጠራው መሐል ላይ ከአባላቱ አንዱ «እትዬ፣ እስቲ አንድ ሁለት መቶ ብር ልስጥና አምስት አምስት ብሮች ልውሰድ» ይላል። ልክ በልክ ስለሆነ የጎደለ ነገር የለም። ቢሆንም ቆጠራው አልቆ ሳይፈረም አንዲት ኖት ከጠረጴዛው አትነሣም። ከተፈረመ በኋላ ሁሉም እያየ የፈለገውን ያህል ይዘርዝር። በመሐል ከተነካና ማታ ድምሩ አልገጥም ካለ ግን፣ ያ ልጅ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ያልተቆጠረ የሕዝብ ገንዘብ ብቻውን የያዘ ሰው ክዳን በሌለው ድስት ወጥ ይዞ በሰፈር መሐል እንደሚያልፍ ነው፤ አንድ ጠብታ ባይጎድል እንኳ ቀመሰው መባሉ አይቀርም።

ጳውሎስም ብቻውን አልያዘውም

እኚያን ሽማግሌ ያለሰለሳቸው የእኔ የባንክ ልምድ አልነበረም፤ እሳቸው ራሳቸው ከእኔ በላይ የሚያውቁት መጽሐፍ ነው። ከሰንበቴ በኋላ ተቀምጠን ነገሩን አንድ በአንድ አነሣነው።

ጌታችን በምድር ሲመላለስ የደቀ መዛሙርቱ የገንዘብ ከረጢት በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ በአስቆሮቱ ይሁዳ። ከሚገባው ላይ ይወስድ እንደነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን የቀሩት አሥራ አንዱ ምንም አለመጠርጠራቸው ነው። በመጨረሻዋ ራት ሌሊት ይሁዳ ተነሥቶ ሲወጣ እንኳ አንዳንዶቹ ለበዓሉ የሚያስፈልግ ነገር ሊገዛ ወይም ለድኾች ሊሰጥ የሄደ መስሏቸው ነበር። አብሮ መብላት፣ አብሮ መጸለይ፣ አብሮ መንገድ መሄድ የሰውን ልብ እንደማያሳይ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። አበው «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 አለ። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ገና በጠዋቱ ማጉረምረም የተነሣው በየዕለቱ ለመበለቶች በሚታደለው እርዳታ ነው። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ «የእኛ መበለቶች ይዘለላሉ» አሉ። ሐዋርያት በዚህ አልተቀየሙም። ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ፤ መለኪያውም መልካም ስም፣ መንፈሳዊነትና ማስተዋል ነበር። የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ስማቸው እንደሚያመለክተው ከሆነ ዕደላው የተሰጠው «ተበደልን» ካሉት ወገን ለወጡ ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዱ ጥቅምት 17 ቀን በዓለ ሢመቱን የምናከብርለት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ቀዳሜ ሰማዕት ከመባሉ በፊት ሥራው የመበለቶችን ማዕድ ማስተናገድ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም ከመቄዶንያና ከአካይያ ምእመናን ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። ቲቶን ላከ፤ ከቲቶ ጋር ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት፣ በሁሉም ዘንድ የተመሰገነ ሌላ ወንድም ጨመረ። ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ ገልጾታል። በዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳያማቸው ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ለማድረግ ይጠነቀቁ ነበር። ይህን ስናነብ ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ጳውሎስ ካስቆጠረ እኔ ማን ነኝ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሦስቱ ቁልፎች አንዱ እሳቸው ዘንድ ነው።

እሳቸውም በበኩላቸው አንድ ነገር አስታወሱኝ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑን የበሳውን ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው እየቆጠሩ በከረጢት አሰሩት። ቤተ መቅደሱን ለሚያድሱት ሠራተኞች የሚከፍሉትን ሰዎች ግን ሒሳብ አልጠየቋቸውም፤ በታማኝነት ይሠሩ ነበርና። «አየሽ ልጄ፣ ሣጥኑ ላይ ሁለት ሰው፣ ሠራተኛው ላይ እምነት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቁጥጥር የሚደርሰው ሊቆጠር እስከሚችለው ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በሰውየው ጠባይ ላይ ያርፋል፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከመሬት ወደ መቀነት

ምጽዋት ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው በመሬት ነው። ካህኑ በተመደበለት መሬት ያርሳል ወይም ያሳርሳል፤ ገዳሙም ደብሩም እንደዚያው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህ ሁሉ ቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና የትርፍ ቤቶች አዋጅ ሲከተል ከኪራይ የሚገኘውም ሄደ።

ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሜዳ ላይ ያልቀረችበት አንዱ ምክንያት ከ2 ዓመት በፊት በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ባስወጡት በዚህ ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው ደብራቸውን እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ምእመኑ አባል ሆነ፤ አስተዋጽኦ መክፈል ጀመረ፤ በገንዘቡ ላይም ድምፅ አገኘ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ደንቡ ግን እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራል።

እንግዲህ ዛሬ የካህኑ ደመወዝ፣ የቅዳሴው ዕጣን፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚመጣው ከዚያች በርበሬ ከምትሸት አምስት ብር ነው። ጥንት የደብር ገንዘብ ያጎደለ ሰው ከሰፊ ርስት ላይ ቀነሰ ይባል ይሆናል። ዛሬ ያጎደለ ግን ከጉልት ሻጭ መቀነት ፈትቶ ወሰደ።

«ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍ?»

የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ በብዙ ዓይን ፊት ስለሚካሄድ ከሁሉ የሚከብደው እሱ አይደለም። የሚከብደው ግዢ ነው። ለደጀ ሰላሙ እድሳት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ልንገዛ ከልማት ኮሚቴው አንድ ወጣት ጋር ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄድን። ዋጋ ተስማማን፤ ዕቃው ተጫነ። ነጋዴው ብዕሩን አንሥቶ ድምፁን ሳይቀንስ ጠየቀ፦

«ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍ?»

«የሸጥክልንን» አለው ልጁ።

«እሱማ ነው። ግን ለራስህስ? ስትመላለስ ነዳጅ አቃጥለህ የለ?»

«ነዳጁን በራሱ ደረሰኝ አወራርደዋለሁ። አንተ የሸጥክልንን ጻፍ።»

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። የተለመደውን ነው የጠየቀው፤ ደንበኛ ማክበር መስሎታል። እንዲያውም ልጁ እምቢ ሲለው ፈገግ ብሎ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ «ይቺ የእኔ ናት» ብሎ ጨመረ። ሁለቱም ከረጢቶች በስጦታ ገቢ ተመዝግበው ደረሰኝ ተላከለት። እንዲህ ያለ ነጋዴ በየመንደሩ አለ። የሚጠይቀውን ጥያቄ ያስለመድነው እኛው ገዢዎቹ ነን።

ሕዝባችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ይስቃል። ተረቱ ሹመትን እንደ ማዕድ ቆጥሮ ያልበላውን ሞኝ ያደርገዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ ልብሱን ለውጦ ይመጣል። «ቀኑን ሙሉ በነጻ ነው የማገለግለው፤ የታክሲ ብትሆን ምን አለባት?» ይላል። ወይም «ለራሴ አይደለም፣ ለሕንፃው ነው፤ ደረሰኝ ባይኖርስ?» ይላል። በኮሚቴ ኑሮዬ እንዳየሁት ገንዘብ የሚያጎድል ሰው ብዙ ጊዜ ሊሰርቅ አስቦ አይጀምርም። የሚጀምረው «ይገባኛል» ብሎ ነው። ለዚህ የእኛ መፍትሔ ቀላል ነው፤ የታክሲ ወጪ ለሚያወጣ አባል ገንዘቡ በግልጽ ይወሰንለትና በፊርማ ይቀበላል። በግልጽ የሚሰጥ ነገር ካለ በስውር የሚወሰድበት ሰበብ ይቀንሳል።

ጎረቤቴ የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መባ ከሚቆጥሩት አንዱ። አንዳንድ ማታ ቡና ላይ ስንጨዋወት ችግራችን አንድ ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። እነሱም ሁለት ሁለት ሆነው ይቆጥራሉ፤ እነሱንም «መንፈሳዊ ወንድም ይጠረጠራል ወይ?» የሚል ይነሣባቸዋል። በሃይማኖት ብንለያይም በዚህ ጥያቄ አንለያይም።

መዝገብ የማይደርስበት

አሁን ሽማግሌው ወዳነሡት ነገር ልመለስ። በአንድ ደብር ከሚሠራው ሥራ አብዛኛው አይቆጠርም። የታመመ መጠየቁ፣ ዐውደ ምሕረቱ መጠረጉ፣ ሕፃናት ፊደል መቁጠራቸው፣ የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ መኖሩ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ይፈረምበታል?

በደጃችን ቁጭ ብላ ስትለምን የኖረች አንዲት እናት ሞተች። ዘመድም ዕድርም አልነበራትም። አብረዋት ይለምኑ የነበሩት ሳንቲም አዋጥተው መግነዣ ገዙላት። ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፤ ካፊያም ይጥላል። ከተሸከሟት ሰዎች በቀር ቀባሪ አልነበረም። ጸሎተ ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል አንድ ወጣት ዲያቆን ወደ አባታችን ጠጋ ብሎ «አባ፣ ሰው የለም፤ አሳጥረን እንጨርሰው ይሆን?» አላቸው።

«ሰው የለም? እሷስ?» አሉት፤ መጽሐፉን ገለጡና ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ባለጸጋ ተቀብረው ነበር፤ ድንኳኑ አጥሩን አልፎ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ሁለቱንም ቀብር ቆሜያለሁ። ለባለጸጋው የተነበበው ሁሉ ለእሷም ተነበበ፤ አንድ አንቀጽ አልተዘለለም። አባታችን ያን ቀን ቢያሳጥሩት የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ምስጋናም ደመወዝም አልጨመረላቸውም። በእኔ አመለካከት የአገልጋይ ጠባይ የሚለካው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው፤ ለመጠየቅ አቅም የሌለው ሰው ፊት ሲቆም።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለፋሲካ ልብስ ሲያሰባስብም ተመሳሳይ ፈተና አለ። ከቦርሳው ውስጥ ያልተለበሰ ጫማ ይወጣል። ከለያዮቹ አንዷ «የእኔን ላስገባና ይቺን ልውሰድ? የእኔም ደህና ነው» ትላለች። ሰብሳቢያቸው የሆነችው ወጣት ያወጣችው ሕግ በጣም ደስ ይለኛል። የሚለይ ሰው ለራሱ አይመርጥም፤ የቸገረው አባል ካለ ስሙ ከተረጂዎች ዝርዝር ይገባና በተራው ይወስዳል። ማንንም አልሰደበችም፤ ማንንም አላሳፈረችም። አዲሱ ጫማም ለአዲስ እግር ደረሰ።

ስለ ገንዘብ ብዙ ስላወራሁ ታማኝነት ከሳንቲም አይዘልም ያልኩ እንዳይመስል። በየደብሩ የምናውቀው ዓይነት አገልጋይ አለ፤ እጁ ንጹሕ ነው፣ አፉ ግን ሬት ነው። ሒሳቡ ከሳንቲም አይዛነፍም። ነጠላዋን በትክክል ያላጣፋች ልጅ ስትመጣ ግን ከበር ላይ ጮሆ ይመልሳታል፤ ለማኙን በአለንጋ ያባርራል፤ ዘበኛውን በሰው ፊት ያዋርዳል። «ኧረ እሱ ታማኝ ነው» እያልን እናልፈዋለን። ያቺ ከበር የተመለሰች ልጅ ግን ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች፤ ይህ ጉድለት ደግሞ ቆጥረን የማንደርስበት ነው። አገልጋይን ስንመዝን እጁንም አፉንም አብረን መመዘን አለብን።

ሣጥኑ ስልክ ውስጥ ሲገባ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮች የስልክ አገልግሎትም ሲስፋፋ፣ ምጽዋቱ መልኩን እየለወጠ ነው። በደብራችን ወጣቱ ከሣጥኑ ፊት ቆሞ ስልኩን ያወጣል። ይህ ለቁጥጥር ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ብር ዱካ አለው። አደጋውም አለ። ሣጥኑ የብረት ስለሆነ የማን እንደሆነ ያስታውቃል፤ የሒሳብ ቁጥር ግን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሰው የግል የሒሳብ ቁጥሩን ከሥዕለ አድኅኖ ሥር ጽፎ «ለሕንፃ ማሠሪያ» ቢል ማን ይለያል? ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ ነገ ቢሞት ገንዘቡ የወራሾቹ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በደብሩ ስም ይከፈት፤ ያለ ጣምራ ፊርማ አይንቀሳቀስ። ቴሌብሩም የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነ ይታወቅ። ከመላካችሁ በፊት በስልኩ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፤ የደብሩ ስም ካልሆነ ጠይቁ።

ለመጠየቅ የሚያፍሩ ሰዎች በአሜሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናቶቻችንን ይመልከቱ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ስለሚሠራ፣ ምእመኑም የሰጠውን ከግብር ሊያስቀንስ ስለሚችል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ዘመዶቼ ደብዳቤውን ሲቀበሉ ማንም «ጠረጠራችሁን» አይላቸውም። እኛም ደረሰኝ ስንጠይቅ ልንሳቀቅ አይገባም።

ሌላም አለ። የተራበ ሰው ዳቦ ሲቀበል ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ እየተለመደ መጥቷል። «ለለጋሾች ማሳያ ነው» ይባላል። ለጋሹ ማሳያ ቢፈልግ ደረሰኝና የዕደላ ዝርዝር ይበቃዋል። የተቀባዩ ፊት የሒሳብ ሰነድ አይደለም። ደብራችን ዕደላ ሲኖር የተቀባዮችን ፊርማና የጣት አሻራ ይይዛል፤ ፎቶ ካስፈለገ የሚነሣው እህሉ ነው።

ቁልፍ መመለስ

በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰበካ ጉባኤ የሚመረጠው ለ3 ዓመት ነው። ሰው አገልጋይን የሚያመሰግነው ሲሾም ነው፤ እኔ ሲወርድ ባየው እመርጣለሁ። ሥልጣን ሲያልቅ ብዙ ነገር ይገለጣል። ማኅተሙን «እስቲ ይቆየኝ» የሚል አለ። የንብረት መዝገቡ ጠፋ የሚል አለ። ያልተወራረደ ሒሳብ ትቶ «በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ ነኝ» የሚል አለ፤ ሊሆንም ይችላል፣ ጳውሎስ ግን በሰው ፊትም ተጠንቅቋል። ከዚህ በተቃራኒው ገንዘብ ያዣችን የነበረ ሰው ጊዜው ሲያልቅ የተቆረጡትን ደረሰኞች በተራ ቁጥር አስሮ፣ ያልተቆረጡትን ለብቻ ለይቶ፣ የባንክ መግለጫውን አያይዞ፣ የተበላሹትን ደረሰኞች ሳይቀር ከነቅጂያቸው አስረከበ። አዲሱ ገንዘብ ያዥ አንድ በአንድ ሲያመሳክር ረፋዱ ላይ የጀመሩት ለሠርክ ጸሎት ተደረሰበት። አንዳቸውም አልተሰላቹም። ያ ሰው ዛሬ ተራ ምእመን ሆኖ ሲያስቀድስ ቀና ብሎ ነው የሚቆመው፤ የሚያማውም የለም።

ለዚህ ነው «ጥሩ ሰው እንምረጥ» ብቻ ብሎ መሄድ የማይበቃኝ። ጥሩ ሰው እንምረጥ፤ ከዚያም ጥሩነቱ እንዲጠበቅለት ሁለተኛ ሰው አጠገቡ እናስቀምጥ፣ ደረሰኝ እንጠይቀው፣ ሪፖርቱን ቁጭ ብለን እናዳምጥ። ሪፖርት ሲነበብ ነጠላችንን አጣፍተን የምንወጣ እኛ ምእመናን ነገ «ገንዘባችን የት ገባ?» ለማለት አፍ አይኖረንም።

በደብራችሁ ወይም በአጥቢያችሁ ምርጫ ሲደርስ ማን ድምፁ ያምራል፣ ማን ረጅም ይጸልያል ከማለታችሁ በፊት ያለፈውን ኮሚቴ የርክክብ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ካለ በሕዝብ ፊት ይነበብና ያገለገሉት ይመስገኑ። ከሌለ ግን የዕጩዎች ስም ከመቅረቡ በፊት እሱ ይቅረብ።